የጎንፋ ቀኖች

ዋሪቱ ሁለት ነጭና አንድ ቀይ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከሁሩሙ የወጣችው ዶሮ ሳይጮህ ነው። እናቷ በየነች እስከ አጥሩ ሸኘቻት። ሸኘቻት ይባል እንጂ አጥሩን ተደግፋ መቆሟ ነበር፤ ወገቧ ከዚያ አላሳልፍም ብሏታል።

«ለአንጥረኛ አሳዪ» አለቻት ለሦስተኛ ጊዜ። «የዝሆን ጥርስ ከሆነ ለአጎትሽ እመልስለታለሁ። ካልሆነ ግን ይተወኝ። አደራ፣ ከመንገደኛ ጋር አፍ እንዳትካፈቺ።»

ከመንገደኛ ጋር አፍ መካፈት ለዋሪቱ መንገድ ማሳጠሪያዋ ነው። ቢሆንም እሺ ለማለት «ቶሌ» ብላ ሄደች። ክርክሩን እናቷ ቆማ መስማት እንደማትችል አይታለች።

በነጠላው የተቋጠሩትን ነገሮች በሁሩሙ ዙሪያ ያሉ ሃያ ቤቶች «የጎንፋ ቀን» ይሏቸዋል። እንደ ብር ክብ ናቸው፤ ከብር ግን ወፈር፣ ቀለል ይላሉ። በእያንዳንዳቸው መሀል አንድ እግሩን ያጠፈ ረጅም ወፍ ተስሏል። ነጩ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ቀዩ ጥማድ በሬ ከነአራሹ። ጥቁሮችም ነበሩ፤ እነሱን ግን ማንም ሳይነካቸው ከሣጥኑ ሥር ኖሩ።

ሣጥኑን ያመጣው የዋሪቱ አያት ጎንፋ ነው። ድሮ ጎሬ ተቀምጦ ቡና ይገዛ ለነበረ አንድ ግሪክ በቅሎ ይነዳ ነበር፤ ቡናውን በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ ያወርዳል። ጣልያን ሲመጣ ግሪኩ ሄደ፣ ጎንፋም የእንጨት ሣጥን ታቅፎ አገሩ ገባ። ጣልያን ወጥቶ ሰው ወደ እርሻው ሲመለስ ሁሩሙን ያስቸገራት ወንፈል ነበር። እኔ ያንተን አርሜ አንተ የኔን መቼ አረምክ፣ ያን ቀን የመጣው ልጄ ነው፣ የለም እኔ ነኝ እየተባባለ ሰዉ በየሳምንቱ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ጎንፋ ይህን ሰምቶ ሰምቶ ሲታክተው ሣጥኑን ከፈተ። ለየቤቱ አምስት አምስት ነጭ፣ አንድ አንድ ቀይ አደለ። ለጎረቤትህ አንድ ቀን ከዋልክ ነጭ ይሰጥሃል፤ ያንተ ሥራ ሲደርስ ነጩን ለመጣልህ ሰው ትሰጣለህ። ሌላ ወሬ የለም።

እምቢ የሚል ሲገኝስ? ያኔ ጎንፋ ራሱ ይመጣል። ሰባ ምናምን ዓመት የተጫነው ሽማግሌ መቆፈሪያውን በትከሻው ይዞ፣ በእምቢ ባዩ ደጅ ሁለት ጊዜ ስሎ ያልፍና በሰውየው ፋንታ ሲቆፍር ይውላል። ማንንም አይናገርም። ያችን ሳል አንድ ጊዜ የሰማ ሰው እምቢታውን አይደግምም።

ጎንፋ በሐምሌ ሞተ። ሣጥኑ ለቀረው ልጁ ለሁንዴሳ ደረሰ። እስከ ጥቅምት ድረስ ሁንዴሳ ሣጥኑን የዶሮ ማሳደሪያ አድርጎት ነበር። በጥቅምት ግን ቡሬ ገበያ ወርዶ አንዱን ነጭ ለነጋዴ ቢያሳይ፣ ነጋዴው አገላብጦ «የዝሆን ጥርስ ነው» አለው። ዶሮዎቹ በዚያው ቀን ተባረሩ። ሁንዴሳም ቤት ለቤት መዞር ጀመረ፦ የአባቴ ዕቃ ነው፣ የውርሴ ነው፣ መልሱ። ግማሹ ሰው ጭቅጭቅ ፈርቶ መለሰ።

በየነች አልመለሰችም። ሃያ ሦስት ነጭ አላት። ባሏ ነመራ፣ ማለት የሁንዴሳ ወንድም፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰው በቆሎ እያረመች፣ የሰው ጤፍ እያጨደች ያጠራቀመችው ነው። ያጠራቀመችው ለቡናዋ ነው። ቡናው አሁን ቀልቷል። ዓመቱን የሚያኖራቸው እሱ ብቻ ነው፤ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ሲለቅሙት ደግሞ ግማሹ መሬት ላይ ረግፎ ይሻግታል። ሃያ ሦስት ሰው ካልመጣላት ቡና የላትም። በየነች ከድካሟ የተነሳ ማታ ጉርሻዋን እንደያዘች ታንቀላፋለች፤ ዋሪቱ እጇን ይዛ ወደ አፏ ታደርስላታለች። ሁንዴሳ እስከ እሁድ ነው ያላት። እሁድ በሽማግሌው በኦቦ ሰቦቃ ግቢ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል።

እንግዲህ ዋሪቱ ወደ መቱ ገበያ የምትሄደው ለዚህ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ የጭነት መኪና አልፏት ሲሄድ ጭቃውን ከእግሯ እስከ ጡቷ ለቀለቃት፤ ሾፌሩን የረገመችውን እርግማን እናቷ ብትሰማ መንገዱን ሙሉ እንደገና ታስኬዳት ነበር። መቱ ስትደርስ ጸሐይ ከፍ ብሏል፤ እግሯ የራሷ አልመስል ብሏታል።

አንጥረኛው በገበያው ጫፍ መነጽሩን በክር ከጆሮው አስሮ ይሠራል። ነጩን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው።

«የማን ነው?»

«የአያቴ።»

«ምን ነበሩ አያትሽ?»

«በቅሎ ነጂ።»

«በቅሎ ነጂ የዝሆን ጥርስ ከየት ያመጣል?»

«እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ባውቀው ኖሮ እግሬን እዚህ ድረስ አልፈጀውም ነበር።»

አንጥረኛው ከመነጽሩ በላይ ተመለከታትና ወደ ሥራው ተመለሰ። የዝሆን ጥርስ ሲቆረጥ እንደ ወንፊት የተሸመኑ ቀጫጭን መስመሮች እንዳሉት ነገራት፤ በዚህኛው ላይ መስመር የለም። መርፌ በከሰል አግሎ ጠርዙን ነካ አደረገው። ጥርስ ወይም አጥንት ቢሆን የተቃጠለ ጥፍር ይሸታል አለ፤ እሷም አሸተተች፣ የሸተታት ደብዳቤ የሚታሸግበት ሰም ነው። በመጨረሻ ቀዩን በሞረድ ፋቅ አደረገው። ቀይ ዱቄት ረገፈ፤ ቀለሙ እስከ ውስጥ ድረስ ነው።

«ሸክላ ነው» አለ። «ደህና ተደርጎ የተጫነ፣ አንዳች ሙጫ የገባበት ሸክላ። አንድ ማሰሮ ይበልጠዋል፤ ማሰሮ ውኃ ይይዛል።»

ዋሪቱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሽ ግን፣ ሁንዴሳ ምን እንደሚል ታወቃት። ፈረንጅ ለሸክላ ብሎ ባሕር አያቋርጥም ይላል። ምን ይሠራበት ነበር ይላል። ምንነቱን እስከ መጨረሻው ካላወቀች ይህ ሁሉ መንገድ ከንቱ ነው። ስለዚህ ተነስታ ጠየቀች። አንጥረኛውም ወደ መኪና ማቆሚያው ጠቆማት፤ እዚያ ቡና ቤት ያላቸው ጋሼ ፈንታሁን በወጣትነታቸው ጎሬ ከፈረንጆች ቤት አሳላፊ ነበሩ፣ እሳቸው ያልሰሙት የፈረንጅ ጉድ የለም አላት።

ጋሼ ፈንታሁን ወንበሮቹን በጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ወለል ያጥባሉ። ጭቃ የለበሰች ልጅ በታጠበው ላይ ስትረግጥ አይተው ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ መዳፏን ዘረጋች። አንድ ወንበር አውርደው ተቀመጡ። የበቅሎ ነጂው የጎንፋ የልጅ ልጅ ነኝ ስትላቸው ለእሷም አንድ አወረዱላት፤ ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ያገኘችው መልካም ነገር ያ ወንበር ብቻ ነበር።

ሦስቱን በአንድ እጃቸው ያዙ። ጣቶቻቸውን እርጅና አጣሟቸዋል። ቢሆንም ሁለቱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርገው በአውራ ጣታቸው ሲለቋቸው ጭርር ብለው ተደራረቡ። ደገሙት። ጣቶቹ ከባለቤታቸው በላይ ያስታውሱ ነበር።

«ፊሽ ነው የሚባለው» አሉ። «የግሪኩ ነው። ይህን ወፍ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ከአገሩ አዝዞ በባሮ በመርከብ፣ ከጋምቤላ በበቅሎ ነው ያስመጣው። ጭኖ ያመጣው ያው አያትሽ ይሆናል። ጠርዙን እዪ፣ ነጩ ላይ። ጎድጎድ ያለው የአውራ ጣት ቦታ ነው። ብዙ የተጫወቱበት እንዲህ ይበላል። ጥቁሮቹን ብታዪ ግን እንደ አዲስ ናቸው፣ ጥቁር የሚደፍር ስንት ሰው ነበር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንጆቹ በግሪኩ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ይጫወቱ እንደነበር አወሩላት። ሲመጡ ገንዘባቸውን ለግሪኩ ይሰጣሉ፣ እሱ በምትኩ ፊሽ ይቆጥርላቸዋል። ነጩ አንድ ብር፣ ቀዩ አምስት፣ ጥቁሩ ሃያ አምስት።

«ቁማር ነው እንግዲህ» አለች ዋሪቱ።

«ቁማር ነው።»

«ይሸጣል?»

«ለማን? እዚህ ያሉት በቆርኪ ነው የሚጫወቱት።»

ዋሪቱ አንገቷን ደፋች። ሁሩሙ ላይ ይህ ቃል ቢሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ቄሱም ሰባኪውም በአንድ ቃል የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ቁማር ነው። ሽማግሌው ድካሟ መስሏቸው ሻይ አመጡላት። ጎንፋ በነዚህ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ስትነግራቸው ግን መወልወያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አስቀመጡ።

«አያትሽ በቅሎዎቹን ይዞ በመስኮቱ በኩል ይቆም ነበር» አሉ። «ዝናብ ይምታው፣ ብርድ ይምታው፣ ይቆማል። ካርታውን የሚያይ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሌሎቹ በቅሎ ጠባቂዎች ሲያንቀላፉ እሱ መጨረሻውን ይጠብቃል። በመጨረሻ ሁሉም ፊሹን ለግሪኩ ይመልሳል፣ ግሪኩም ይከፍላል። አንድ ቀን ጠራኝና፣ ይህ ሰውዬ አልከፍልም ብሎ ያውቃል ወይ አለኝ። አያውቅም አልኩት። ባይከፍልስ አለኝ። ባይከፍልማ ይህ የተተኮሰ ጭቃ ነው፣ ማን ይነካዋል አልኩት። ሣጥኑ ያለው ሰው ነው ከፋዩ፣ ሌላው ጨዋታ ነው። አያትሽ ራሱን ነቅንቆ ወደ በቅሎዎቹ ሄደ።»

የመልሱ መንገድ ከመሄጃው ረዘመ። ዋሪቱ ቁማር የሚለውን ቃል እያኘከች ተራመደች፤ እሁድ ከአፏ እንዳይወጣ ምላስዋን እያስማለች። ሸክላ ነው ትላለች፣ የፈረንጅ መጫወቻ ነው ትላለች፣ ዝም ትላለች። ቤት ስትደርስ በየነች የምድጃው ጥግ ተቀምጣ ተኝታ ነበር። ሳትቀሰቅሳት ጎኗ ተጋደመች።

እሁድ የኦቦ ሰቦቃ ግቢ ሞላ። ሁንዴሳ ሣጥኑን በፊቱ አስቀምጧል፤ የዶሮ ኩሱን በሚገባ አልጠረገውም። ዋሪቱ አንጥረኛው ያደረገውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ መስመሩን፣ መርፌውን፣ ሽታውን፣ ቀዩን ዱቄት። ሰዉ አመናት። ሁንዴሳ ፊቱ ጠቆረ።

«ፈረንጅ ሸክላ ጭኖ ባሕር አያቋርጥም» አለ፣ ልክ እሷ እንዳሰበችው። «ምን ይሠራበት ነበር? ተናገሪ። መቱ ድረስ ሄደሽ ይህን ሳትጠይቂ ከመጣሽማ የሄድሽው ለመንሸራሸር ነው።»

ለመንሸራሸር። ያበጠ እግሯን ተመለከተች። ምላስዋም መሐላውን ረሳ።

«ቁማር ሲጫወቱበት ነበር» አለች። «መንሸራሸሬ ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት አልፈለገችም ግን አየች። አንዲት ሴትዮ ከመቀነቷ አንድ ነጭ ፈታ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ። ቀጥሎ ሌላ። የአሥራ አምስት ዓመት ቀን ከመሬቱ ላይ ተከመረ፤ ሁንዴሳ እንኳ ሊያነሳው እጁን አልዘረጋም። በየነች ሃያ ሦስቱን በጨርቅ ቋጥራ ጭኗ ላይ ይዛለች። ዋሪቱ ወደ እናቷ ማየት አቃታት። አንድ ቃል ሃያ ሦስት ሰው አስቀረባት።

በየነች ተነሳች። ስትነሳ በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ በጉልበቷ፣ ከዚያ መሬቱን ተደግፋ። ድምጿም ከፍ አላለም።

«ኦቦ ሰቦቃ፣ ሰኔ ላይ የእርስዎን በቆሎ አራት ቀን አርሜያለሁ። ያን ጊዜ ያረመው የኔ ወገብ ነው ወይስ ቁማሩ?»

ኦቦ ሰቦቃ ከሁሉ ያረጁ ናቸው፤ የጣሉት ነጭም ከክምሩ መሀል ነበረ። ዋሪቱ እናቷ እንደገና ስትቀመጥ፣ በዚያው በሁለት ደረጃ፣ አየችና ያልተናገረችውን ሌላውን ግማሽ ተናገረች። ጎንፋ በመስኮት በኩል ምን ይጠብቅ እንደነበር። ሣጥኑ ያለው ሰው ከፋይ መሆኑን።

«አካኮ ጎንፋ እምቢ ባለ ሰው ፋንታ ይመጣ የነበረው ለዚህ ነው» አለች። «አሁን ሣጥኑ የጋሼ ሁንዴሳ ነው። እንግዲህ እምቢ የሚል ሲኖር የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ውርስ ነው ብለዋል፣ ይውረሱት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ኦቦ ሰቦቃ በቀስታ ጎንበስ ብለው ነጫቸውን ከክምሩ ለይተው አነሱ፣ አቧራውን እፍ አሉበት። «ሰኞ ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ» አሉ ለበየነች። ሴትዮዋም ያስቀመጠችውን አነሳች። ክምሩ አንድ በአንድ ጎደለ።

ሁንዴሳ ሣጥኑን በእግሩ ገፋው። «ይህ ቁማር የኔ አይደለም፤ የሚፈልግ ይውሰድ» አለ።

የሚፈልግ አልነበረም። ሁሉም ቀኑን ይፈልጋል፤ ሣጥኑን ግን እያዩ ዓይናቸውን ወደ ዛፍ፣ ወደ ሰማይ ያነሳሉ። ዋሪቱ ዝምታው ሲረዝም ምን እንደሚመጣ ታወቃት፤ አይሆንም ልትል ተነሳች። በየነች ቀደመቻት።

«ወዲህ አምጡት» አለች፣ የደከመው ሰው ነገሩ እንዲያልቅ ብቻ ብሎ እንደሚናገረው።

ቡናው በአሥራ ሁለት ቀን ተለቀመ። አንድ ቀን ሦስት ሰው፣ አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ዝናብ። የመጨረሻው ነጭ ከበየነች ጨርቅ ሲወጣ የመጨረሻው ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በየነች ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች። ሣጥኑ ራስጌዋ ሥር ነበር፤ ዋሪቱ አጥባ አድርቃዋለች።

በጥር መጀመሪያ አንድ ጠዋት አዴ ዲሪቤ የምትባል ባልቴት አንድ ነጭ በመዳፏ ይዛ ደጃቸው ላይ ቆመች። ማሽላዋ ደርሷል፤ ቅርቧ ያለው ሁንዴሳ ነው፤ ብትጠይቀው እኔ ቁማር አልጫወትም ብሏታል። ሣጥኑ ማን ቤት እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በየነች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በጉልበቷ ተነሳች።

«ተቀመጪ» አለቻት ዋሪቱ።

«አንቺ ትምህርት ቤት አለሽ።»

«ነገም አለኝ። ይህን ሣጥን እሳት ላይ ብጥለው ኖሮ ዛሬም በኖረኝ።» ማጭዱን ከግድግዳው አወረደች። የቡናው ጭረት ገና ከእጇ ላይ አልዳነም። እናቷ ተቀምጣ ታያታለች፤ ልታመሰግናት ይሁን ልትቆጣት ራሷም ያወቀች አትመስልም።

የአዴ ዲሪቤ ማሽላ ከሁንዴሳ አጥር ማዶ ነው። ዋሪቱ ጉንፋን የላትም፤ በአጎቷ ደጅ ስታልፍ ግን ቆም ብላ ሁለት ጊዜ ሳለች። ከዚያ ከሁሉ ቅርብ የሆነውን፣ ከደጁ ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ መርጣ ማጨድ ጀመረች።